ስኳር ከሐኪሙ እጅ ወደ ታማሚው እጅ

በ1796 መገባደጃ ላይ ሜሬዲት የሚባል የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር ሻምበል የሠራዊቱ ሐኪም የነበረውን ጆን ሮሎን ሊያማክር ሄደ። ቀድሞ ወፍራም የነበረው ሻምበል ከስቷል። ውሃ ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ያንኑ ይሸናል፣ ተመልሶ ይጠማዋል። ምግብ አይጠግብም፤ የበላው ግን ሰውነቱ ላይ አይታይም። (እዚህ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ለሮሎ እንግዳ አልነበረም። የሕንድ ጥንታዊ ሐኪሞች ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት መዝግበዋል፤ እንዲያውም በሽታው የሚይዛቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት እንደሆኑ፣ አንደኞቹ ቀጫጭን ወጣቶች፣ ሌሎቹ ወፍራም ጎልማሶች መሆናቸውን ለይተው ነበር። በ1674 ቶማስ ዊሊስ የታማሚ ሽንት ቀምሶ እንደ ማር እንደሚጣፍጥ ጻፈ። በ1776 ደግሞ የሊቨርፑሉ ማቲው ዶብሰን ሽንቱን እሳት ላይ አትንኖ ከሥሩ የቀረው ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። ደሙም እንደሚጣፍጥ አስተዋለ። ሮሎ ከዚህ ተነስቶ አሰላ። ሆዱ ከእህልና ከአትክልት ስኳር እያበጀ ከሆነ፣ እህልና አትክልቱን መከልከል ነው።

ለሻምበሉ የታዘዘለት ምግብ ዛሬ ሲያነቡት ያስገርማል። ጠዋትና ማታ ወተት ከኖራ ውሃ ጋር፣ ትንሽ ዳቦ በቅቤ፤ ቀትር ላይ ከደምና ከሞራ ብቻ የተሠራ ቋሊማ፤ ለምሳ ደግሞ ሰንበትበት ያለ፣ ሽታው የተለወጠ ሥጋና ጮማ። በዚህ ላይ የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ መድኃኒት ተጨመረ። ሜሬዲት ትእዛዙን ጠበቀ፣ ከሽንቱ ስኳሩ ጠፋ፣ ሰውነቱም ተመለሰለት። ሮሎ በ1797 ይህንኑ በመጽሐፍ አሳተመ። የስኳር በሽታን በምግብ መቆጣጠር እንደሚቻል በመረጃ የተደገፈ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ሰው ገበታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ እንዲህ ያለውን ገበታ ዕድሜ ልኩን የሚችል ሰው አለመገኘቱ ነበር።

ቀጣዩን ትልቅ ትምህርት የሰጠው ሐኪም ሳይሆን ጦርነት ነው። በመስከረም 1870 የፕሩሲያ ሠራዊት ፓሪስን ከበበ። ከተማዋ እስከ ጥር 1871 ድረስ ተዘግታ ስትቆይ ነዋሪው በራብ ተቀጣ። አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለው የፓሪስ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ግን በዚያ መከራ መሐል አንድ ነገር ዓይኑን ሳበው። የስኳር ታማሚዎቹ ሽንት ውስጥ ስኳሩ እየቀነሰ፣ በአንዳንዶቹም ጭራሽ እየጠፋ ሄደ። ጠላት በግድ ያስጾማቸው ሰዎች ተሻላቸው።

ቡሻርዳ ከዚህ ያወጣው ምክር በአጭሩ “በተቻለ መጠን ጥቂት ብሉ” የሚል ነበር። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። ታማሚዎቹን በጉልበት ሥራ እንዲደክሙ ያዛቸው ነበር፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳር እንደሚቀንስ አይቷል። ከስታርች የጸዳ የግሉተን ዳቦ አስጋገረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ታማሚው ራሱ ሽንቱን በየቀኑ እንዲመረምር ማስተማሩ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪም ያያል፣ ታማሚ ይታዘዛል። ከዚህ በኋላ ታማሚውም ማየት ጀመረ።

ሁሉም እንደ ቡሻርዳ ታማሚውን አላመነም። በኔፕልስ አርናልዶ ካንታኒ የተባለው ሐኪም ታማሚዎቹን ክፍል ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር፤ ሰርቀው እንዳይበሉ። ቁልፉ ባለበት አገር ሁሉ ምግብ ለምኖ፣ ሰርቆ፣ ደብቆ የሚበላ ታማሚ አልጠፋም።

በዚህ መካከል ምሥጢሩ ያለው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ቆሽት ውስጥ መሆኑ ታወቀ። በ1869 የበርሊኑ የሕክምና ተማሪ ፓውል ላንገርሃንስ በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ትንንሽ የሕዋስ ስብስቦችን አገኘ፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። በ1889 ስትራስቡርግ ላይ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን መሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ጨዋ የነበረው ውሻ ወለሉ ላይ እየደጋገመ መሽናት ጀመረ። ሽንቱ ሲመረመር ስኳር ሞልቶታል።

መንስኤው የት እንዳለ ታወቀ ማለት መድኃኒቱ ተገኘ ማለት አልነበረም። ከዚያ የተከተሉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበዱት ናቸው። የአጃ ሕክምና፣ የወተት ሕክምና፣ የድንች ሕክምና እየተባለ በየአገሩ ተሞከረ። ከ1914 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ፍሬደሪክ አለን የተባለ ሐኪም ነገሩን ወደ መጨረሻው ጠርዝ ወሰደው። ታማሚው ስኳሩ ከሽንቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጾማል፤ ከዚያ ምግብ ጥቂት በጥቂት ይጨመርለታል። ስኳሩ ብቅ ካለ እንደገና ጾም። ሰዎች አጥንትና ቆዳ ሆነው ወራትን፣ አንዳንዶቹም ዓመታትን ኖሩ።

አለን ራሱ የመዘገበው አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለ። በሽታው ዓይኑን አጥፍቶታል። ሆስፒታል ተኝቶ ምግቡ በግራም እየተለካ ይሰጠዋል፤ ሆኖም ከሽንቱ ስኳር አልጠፋ አለ። ነርሶቹ ከየት ነው የሚያገኘው ብለው ግራ ተጋቡ። በመጨረሻ ልጁ የጥርስ ሳሙናና ለካናሪ ወፍ የተቀመጠ እህል ሲበላ እንደነበር ታወቀ።

አለንን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ዛሬ ዓይነት አንድ የምንለው ስኳር የያዘው ልጅ ያኔ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት አይዘልም ነበር። አለን መዳንን ቃል አልገባም፤ የሚሸጠው ጊዜ ነበር። ጊዜውን ከገዙት አንዷ ኤልሳቤጥ ሂዩዝ ናት። አባቷ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። በ1919፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ በሽታው ሲታወቅ ወደ አለን ተወሰደች። አትክልቷ ሦስት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ሦስት ጊዜ ይደፋል፤ በውስጡ ስኳር እንዳይቀር። የልደት ኬኳ የባርኔጣ ካርቶን ነበር፤ በሮዝና በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ሻማ የተተከለበት። በነሐሴ 1922፣ አሥራ አምስት ዓመት ልትደፍን ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ክብደቷ ሃያ ኪሎ ብቻ ነበር።

በዚያ ወር እናቷ ይዛት ወደ ቶሮንቶ ተጓዘች።

ቶሮንቶ ላይ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ስለተተረከ በአጭሩ ላውጋው። በ1921 በጋ ፍሬደሪክ ባንቲንግ የሚባል ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ገበያ ያልቀናው ቀዶ ሐኪም፣ ቻርልስ ቤስት የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ረዳት ይዞ፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ከውሻ ቆሽት ጭማቂ ማውጣት ጀመረ። ጥር 11 ቀን 1922 ለሊዮናርድ ቶምሰን፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተወጋ። አልተሳካም፤ ጭማቂው ቆሻሻ ስለነበረበት መርፌው የገባበት ቦታ አመረቀዘ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ኬሚስት ቀንና ሌሊት ሠርቶ አጣራው። ጥር 23 ቀን እንደገና ተወጋ፤ የልጁ ስኳር ወረደ፣ ጉልበት አገኘ። ቶምሰን ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። ሰዎቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክሊዮድ ሲሰጥ፣ ባንቲንግ ግማሹን ለቤስት፣ ማክሊዮድ ግማሹን ለኮሊፕ አካፈሉ፤ ሽልማቱን ማካፈላቸው ግን በመካከላቸው የነበረውን ኩርፊያ አላጠፋውም።

ኤልሳቤጥ ኢንሱሊን የተባለውን ይህን ጭማቂ በተወጋች በጥቂት ሳምንት ዳቦና ድንች በላች። በወራት ውስጥ ክብደቷ ከእጥፍ አለፈ። ተማረች፣ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ በሽታዋን ከቅርብ ወዳጆቿ እንኳ ደብቃ ኖረች። በ1981 በሰባ ሦስት ዓመቷ ስታርፍ ከ42,000 ጊዜ በላይ ተወግታ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ የቆየው የአለን ራብ ባይኖር ኖሮ ነሐሴ 1922ን አታይም ነበር።

ኢንሱሊን ሲገኝ ምግብ ከታሪኩ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሮቢን ሎረንስ የተባለው ወጣት ስኮትላንዳዊ ሐኪም ይህን በራሱ ገላ ተማረው። በስኳር ተይዞ፣ ቤተሰቡ ፊት መሞት አልፈልግም ብሎ ፍሎረንስ፣ ጣሊያን ውስጥ ነበር። በ1923 ከለንደን የሥራ ባልደረባው ኢንሱሊን አለ፣ ይሠራል፣ ቶሎ ተመለስ የሚል ቴሌግራም ላከለት። ሎረንስ ተዳክሞ ሳለ መኪናውን እየነዳ አውሮፓን አቋርጦ ለንደን ገባ፤ በግንቦት ወር መጨረሻ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። አርባ አምስት ዓመት ጨመረ።

ሎረንስ የገባው ነገር መርፌው ብቻውን እንደሚገድል ነው። የተወጋ ሰው ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ይስታል። ከሚገባው በላይ ከበላ ደግሞ መርፌው አይበቃውም። ስለዚህ ታማሚ ሒሳብ መሥራት አለበት። ሎረንስ ሒሳቡን ማንም የቤት እመቤት እንድትችለው አድርጎ አቀለለው፤ አሥር አሥር ግራም ካርቦሃይድሬት ያላቸውን ምግቦች በጥቁር፣ ሥጋና ስብ ያላቸውን በቀይ መስመር ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ታማሚ ይህን ያህል ጥቁር፣ ይህን ያህል ቀይ እያለ መደበለት። በ1934 እርሱ ራሱ የስኳር ታማሚ ከነበረው ከደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ጋር ሆኖ የታማሚዎች ማኅበር አቋቋመ። ዛሬ በየአገሩ ካሉት የስኳር ሕሙማን ማኅበራት ብዙዎቹ የዚያ ታናናሾች ናቸው።

በአትላንቲክ ማዶ፣ ቦስተን ውስጥ፣ ኤልየት ጆስሊን ተመሳሳይ ነገር በሌላ ቋንቋ ይሰብክ ነበር። ሕክምናው በሦስት ፈረሶች የሚጎተት ሠረገላ ነው ይል ነበር፤ ምግብ፣ ኢንሱሊንና እንቅስቃሴ። ጋሪውን የሚነዳው ታማሚው ነው፤ አንዱ ፈረስ ቢወላገድ ሁሉም ይገለበጣል። ጆስሊን ነርሶችን ወደ ታማሚ ቤት እየላከ ቤተሰቡን አስተማረ። ጥብቅ ሰው ነበር፤ ምግብ የማይመዝን ታማሚ አይወድም።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። መርፌው የብረት፣ ስሪንጁ የብርጭቆ ነው፤ በየቀኑ ይቀቀላል፣ መርፌው ሲደነዝዝ በድንጋይ ይሳላል። ጠዋት ከቁርስ በፊት የቤኔዲክት ፈሳሽ የሚባለውን ሰማያዊ ነገር አምስት ሚሊ ሊትር በመስታወት ቱቦ ይቀዱና ስምንት ጠብታ ሽንት ጨምረው በእሳት ያፈላሉ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ አለ፣ ቢጫ ከሆነ በርከት ብሏል፣ የሸክላ ቀለም ከያዘ ደግሞ ያለፈው ቀን ገበታ ይታሰባል። ሽንቱ የሚናገረው ግን ከሰዓታት በፊት የሆነውን ነው። ነጂው ከኋላው ያለፈውን መንገድ እንጂ ፊቱን አያይም ነበር።

የኢንሱሊኑም ነገር እየተሻሻለ ሄደ። ዴንማርካዊው የኖቤል ተሸላሚ አውጉስት ክሮ፣ ሐኪም የሆነችው ሚስቱ ማሪ ስኳር ስለነበረባት በ1922 ቶሮንቶ ድረስ ሄዶ ኢንሱሊን የማምረት ፈቃድ ይዞ ተመለሰ። አብሮት የሠራው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1936 ኢንሱሊንን ከዓሣ ከሚገኝ ፕሮቲን ጋር አዋህዶ ቀስ ብሎ የሚሠራ አደረገው፤ በ1946 ደግሞ እስከ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ኤንፒኤች የተባለው ኢንሱሊን ተሠራ። በቀን ደጋግሞ ይወጋ የነበረ ሰው አሁን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በቃው።

በዚሁ ዘመን ኪኒን መጣ፤ ያመጣው ደግሞ አጋጣሚ ነው። በ1942 በሞንፔሊየ፣ ፈረንሳይ፣ ማርሴል ዣንቦን የታይፎይድ ታማሚዎችን በአዲስ የሰልፋ መድኃኒት ሲያክም አንዳንዶቹ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። ባልደረባው ኦጉስት ሉባቲዬር ጉዳዩን ተከታተለው፤ መድኃኒቱ ቆሽትን እያነቃ ኢንሱሊን እንዲያፈስ እንደሚያደርገው ተገነዘበ። ዛሬ ግሊቤንክላማይድን የመሳሰሉት ኪኒኖች የተወለዱት ከዚህ ነው። በ1957 ደግሞ ፓሪሳዊው ዣን ስተርን ሜትፎርሚንን ለሰው ሰጠ። መነሻው ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ መድኃኒት ተክል ነው። ዘመዱ ፌንፎርሚን ደምን አሲዳማ በማድረጉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገበያ ሲወጣ፣ የስሙ መጥፎነት ለሜትፎርሚንም ተረፈው፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 መጨረሻ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም በጎንደርም ዓይነት ሁለት ስኳር ለተገኘበት ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ይኸው ነው፤ ርካሽ፣ ክብደት የማይጨምር፣ ሲጀመር ሆድ የሚያስጮኽ።

ሰዎች ረዥም ዕድሜ ማግኘት ሲጀምሩ አዲስ ጣጣ ተከተለ። በኢንሱሊን ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖሩት ዓይናቸው ይጠፋ ጀመር፤ ኩላሊታቸው ይደክማል፣ እግራቸው ደንዝዞ ይቆስላል። ስኳርን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይህን ያስቀራል ወይስ አያስቀርም በሚለው ላይ ሐኪሞች ለአርባ ዓመት ያህል ተከራከሩ። ጆስሊን ያስቀራል ይላል፤ ሌሎች ደግሞ ለታማሚው ኑሮውን ከማክበድ በቀር ፋይዳ የለውም ይላሉ። መረጃ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም በየሰዓቱ ስኳርን ማየት የሚችል ሰው አልነበረም።

ክርክሩን ከጎን ሰብሮ የገባው መሐንዲስ ነው። ሪቻርድ በርንስታይን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነት አንድ ስኳር ነበረበት፤ ሠላሳዎቹ ዕድሜው ላይ ኩላሊቱና እግሩ መበላሸት ጀምሯል። በ1969 ለሆስፒታል ተብሎ የተሠራ፣ ከጣት በሚወሰድ ደም ስኳር የሚለካ መሣሪያ ማስታወቂያ አየ። መሣሪያው ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዋጋው ውድ ነው፣ የሚሸጠውም ለሐኪም ብቻ ነው። ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእርሷ ስም ገዛው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጣቱን እየወጋ፣ ምን ሲበላ ስኳሩ እንደሚወጣ፣ ስንት አሃድ ሲወጋ እንደሚወርድ በመሐንዲስ ዓይን መዘገበ። ካርቦሃይድሬቱን እጅግ ቀነሰ፣ መርፌውን በትንንሹ ከፋፈለ። ጤናው ተመለሰ። ያገኘውን ለሕክምና መጽሔቶች ቢልክ ተቀባይ አጣ። እርሱም በአርባ አምስት ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ሆነ፤ በ2025 በዘጠና ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ታማሚ ያይ ነበር። በምግቡ ጥብቅነት የማይስማሙ ብዙ ሐኪሞች አሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ታማሚ ቤቱ ሆኖ ደሙን ይለካ የሚለውን ግን ዛሬ የሚከራከርበት የለም።

ሌላው ቁልፍ መለኪያ ከቴህራን መጣ። በ1968 ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር የስኳር ታማሚዎች ሄሞግሎቢን ከሌላው ሰው ለየት እንደሚል አስተዋለ። ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ እየተለጠፈ ስለሚቆይ፣ አንድ የደም ምርመራ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ይናገራል። ዛሬ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ነው። ለቀጠሮ ቀን ብቻ ሁለት ቀን ጾሞ የሚቀርብን ታማሚ የሚያጋልጠውም ይኸው ምርመራ ነው። በ1982 ደግሞ በባክቴሪያ የተመረተ የሰው ኢንሱሊን ገበያ ገባ፤ ከአሳማና ከበሬ ቆሽት መለቀም እየቀረ ሄደ።

በ1980ዎቹ ታሪኩ ወደ እኛ ሰዎች ይጠጋል። በ1984 የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የወጡ፣ ቀጫጭን፣ ተራራ መውጣትና መውረድ የለመዱ ሰዎች ናቸው። በ1988 የወጣ ጥናት ከእነዚህ ስደተኞች ወጣቶቹ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ስኳር መገኘቱን አሳየ። ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር በገፍ በሚገኝበት አገር፣ እርሻው በአውቶቡስና በፋብሪካ ሥራ ሲተካ፣ ዘር ሳይለወጥ በሽታው በዓመታት ውስጥ ብቅ አለ። በዋሽንግተንም በጅዳም ታክሲ ሲነዳ ወይም ሰው ቤት ሲያገለግል የሚውል አበሻ ይህን ታሪክ ያለ ጥናት ያውቀዋል።

ከዚያ ትልልቆቹ መልሶች ተከታትለው መጡ። በ1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት አንድ ታማሚዎችን የተከታተለው ሙከራ ውጤቱን አወጣ። ስኳራቸውን አጥብቀው ከያዙት ሰዎች የዓይን ጉዳት በ76 በመቶ ቀነሰ፤ የኩላሊቱም በግማሽ ገደማ። ጆስሊን በመቃብሩ ተፈረደለት። ዋጋ ግን ነበረው፤ አጥብቀው የያዙት ላይ ራስን የሚያስት የስኳር መውረድ ሦስት እጥፍ ሆነ። በ1998 ደግሞ የእንግሊዙ ሙከራ፣ ከ5,000 በላይ ሰዎችን የያዘውና ሃያ ዓመት የፈጀው፣ ለዓይነት ሁለትም ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በዚያ ጥናት ሜትፎርሚን የወሰዱ ወፍራም ታማሚዎች ሞት ቀነሰ፤ ለዓመታት የተጠረጠረው ኪኒን ስሙ ታደሰ።

የሚገርመው ከዚያ የተከተለው ነው። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ 3,234 ሰዎችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን ዋጠ፤ አንዱ ከክብደቱ ሰባት በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመድ ታገዘ፤ አንዱ ባዶ ኪኒን ወሰደ። ኪኒኑ ወደ ስኳር የሚገባውን ሰው በ31 በመቶ ሲቀንስ፣ ምግብና እርምጃው በ58 በመቶ ቀነሰው። ቻይና ውስጥ በዳቺንግ ከተማ በ1986 የተጀመረና ፊንላንድ ውስጥ የተካሄደ ሌላ ጥናትም ወደዚያው አመልክተዋል። ቡሻርዳ ዕድሜ ቢሰጠው አይገርመውም ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ጾም። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የጾመ ሰው አላዩም። በ2001 በአሥራ ሦስት አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም የስኳር ታማሚዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በረመዳን ወቅት ዓይነት ሁለት ያላቸው ላይ ብርቱ የስኳር መውረድ ሰባት እጥፍ ተኩል መድረሱን አገኘ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የመድኃኒት ሰዓትን ወደ ፍጡርና ሰሁር ማዞር፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ታማሚውን መምከር ያዙ። በኦርቶዶክስ ጾም በኩል ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ተቆይቶ ገበታው ሲቀርብ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንች ነው፤ ሥጋና እንቁላል የለም። ጠዋት ኢንሱሊን ወግቶ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ኪሱ ውስጥ ከረሜላ መያዙ ቀልድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕመምተኛን ብታሰናብትም ብዙ አዛውንቶች በራሳቸው ፈርደው ይጾማሉ፤ ለሐኪማቸውም አይነግሩም።

ኢንሱሊኑን ማስቀመጫም የራሱ ጣጣ አለው። ፍሪጅ የሌለው ሰው በእርጥብ አሸዋ መካከል ባለ የሸክላ ገንቦ ያስቀምጣል። በ2021 የድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በኬንያው ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ የተለካውን ሙቀት ወስዶ፣ ኢንሱሊን በ25ና በ37 ዲግሪ መካከል እየተለዋወጠ ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ አሳየ። በየወሩ መርፌ ፍለጋ ረዥም መንገድ ለሚጓዝ ገበሬ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም።

በ2017 መጨረሻ ከስኮትላንድና ከሰሜን እንግሊዝ የመጣው ዜና ደግሞ ቡሻርዳን ቃል በቃል ይመስል ነበር። ሮይ ቴይለርና ማይክል ሊን የመሩት ጥናት ዓይነት ሁለት ያለባቸውን ሰዎች ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ በሚሰጥ ሾርባና መጠጥ ብቻ አኖራቸው፤ መድኃኒታቸውንም አስቆመ። ከዓመት በኋላ 46 በመቶ ያህሉ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ጤነኛ ነበር፤ አሥራ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶ። በዚያው ዓመት ሰማግሉታይድ የተባለው መርፌ ተፈቀደ። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው ጆን ኢንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጊላ እንሽላሊት መርዝ ላይ ካደረገው ምርምር ነው። ሥራው በከፊል የምግብ ፍላጎትን መቀነስ ነው። ሮሎ ለሻምበሉ የጨመረለት ነገር፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በዓለም እጅግ ከተሸጡት መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ግን ከልክ በላይ ለበላ ሰው የተጻፈ ማዘዣ ነው። ጎንደር ውስጥ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ሰው አሳየ። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው፣ ግን እንደ ተለመደው ዓይነት አንድ በፍጥነት የማያጣጥር፣ ቀጭን፣ ድሃ፣ ገጠሬ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ። በልጅነቱ የተራበ ሰው ቆሽቱ ሳያድግ ይቀር ይሆን ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እንዲህ ያለውን ስኳር ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን መረጃው አልበቃም ብሎ ሰረዘው። በ2022 በሕንድ ቬሎር የተደረገ ምርመራ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ የተለዩ መሆናቸውን፣ ቆሽታቸው ኢንሱሊን በቂ እንደማያወጣ፣ ሰውነታቸው ግን ኢንሱሊንን እንደማይቃወም አሳየ። በሚያዝያ 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ዓይነት አምስት ብሎ ተቀበለው፤ መለያውንና ሕክምናውን የሚጽፍ ቡድንም አቋቋመ። ለእነዚህ ታማሚዎች የሚታሰበው ሕክምና ከቡሻርዳ ምክር ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ካሎሪ፣ ብዙ ፕሮቲን፣ ትንሽ ኢንሱሊን። ኢንሱሊኑ ትንሽ የሚሆነው ምግብ በሌለበት ቤት ብዙ ኢንሱሊን ስኳሩን ድንገት ስለሚጥለው ነው።